እውነት መምሰልና እውነት መሆን፦ ከሩሲያ የጦርነት ፊልሞች የምንማረው

የሩሲያን የጦርነት ፊልም አይቶ የወጣ ተመልካች ብዙ ጊዜ «ይህ ፊልም እውነተኛ ነው» ይላል። አባባሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን «እውነተኛ ስትል ምን ማለትህ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ የወታደሮቹን ልብስና መሣሪያ ያነሣል። ሌላው ታሪኩ በርግጥ የተፈጸመ መሆኑን ይጠቅሳል። ሦስተኛው ደግሞ ፊልሙ ያሳደረበትን ስሜት ይናገራል። ሦስቱም ስለ አንድ ጉዳይ የሚነጋገሩ ይመስላቸዋል፤ የያዙት ግን ሦስት የተለያየ ጉዳይ ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ እነዚህን ሦስት ጉዳዮች ለያይቶ ማሳየት፣ ከዚያም እያንዳንዱን በተገቢው ቦታ ማስቀመጥ ነው።

ጉዳዩ የፊልም ወዳጆችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ጦርነትን በዓይኑ ያላየ ሰው ስለ ጦርነት ያለውን ግንዛቤ በአብዛኛው የሚያገኘው ከሥዕል፣ ከመጽሐፍና ከፊልም ነው። ግንዛቤው ከተጣመመ ፍርዱም ይጣመማል፤ ሙታንን የሚያከብርበት፣ ሕያዋንን የሚመክርበት መንገድም ይበላሻል። ስለዚህ ነገሩን በእርጋታ፣ ከመሠረቱ እንጀምር።

ወደ ፍቺው ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር እናስታውስ። በልማድ «የሩሲያ» የምንላቸው ከታላላቆቹ የጦርነት ፊልሞች ብዙዎቹ የሶቭየት ኅብረት ፊልሞች ናቸው። ከታች የምናነሣቸው ሁለቱ ዋና ዋና ፊልሞች፣ «መጥተህ እይ» እና «አቀበት»፣ የተመሠረቱት በቤላሩስ ደራስያን ሥራ ላይ ሲሆን፣ የሚተርኩትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቤላሩስ ውስጥ የሆነውን ነው። ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቃላት ፍቺ

የመጀመሪያው ቃል እውነታዊነት ነው። እውነታዊነት አንድን ነገር በዓይን እንደሚታየው፣ በጆሮም እንደሚሰማው አድርጎ የማቅረብ ስልት ነው። ስልት መሆኑን ልብ እንበል። ጭቃው ጭቃ፣ ቁስሉም ቁስል መስሎ ሲታይ ስልቱ ተሳክቷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከቶ ያልተፈጸመ ነገርም በዚሁ ስልት ሊቀርብ ይችላል።

ሁለተኛው ቃል ታሪካዊ ታማኝነት ነው። ይህ በፊልሙና በርግጥ በሆነው ነገር መካከል ያለ ግንኙነት ነው። ታማኝ የሚባለው ፊልም የሆነውን ሳያዛባ የሚያስተላልፍ ነው፤ የሚያስተላልፍበት ስልት የተለመደውም ይሁን እንግዳ።

ሦስተኛው ቃል ጨለማነት ነው። ጨለማነት ለተመልካቹ መጽናኛ አለመስጠት ነው፦ ድል አድራጊ ጀግና፣ የደስታ ፍጻሜ፣ ልብ የሚያሳርፍ ዜማ የለም። ጨለማነት የፊልሙ ድባብ እንጂ የእውነቱ ማስረጃ አይደለም። ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን።

በአጭሩ፦ እውነታዊነት ስልት ነው፤ ታሪካዊ ታማኝነት ግንኙነት ነው፤ ጨለማነት ድባብ ነው። ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣው እነዚህ ሦስቱ እንደ አንድ ሲቆጠሩ ነው።

የታማኝነት ሦስት ደረጃዎች

ታሪካዊ ታማኝነት ራሱ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው የቁስ ታማኝነት ነው፤ ልብሱ፣ መሣሪያው፣ ቤቱ፣ መኪናው የዘመኑ ነው ወይ? ሁለተኛው የድርጊት ታማኝነት ነው፤ ተፈጸመ የተባለው ነገር በርግጥ ተፈጽሟል ወይ? ሦስተኛው የሕይወት ታማኝነት ነው፤ ያንን ነገር በውስጡ ላለፈ ሰው ምን ይመስል እንደነበር ፊልሙ ያውቃል ወይ?

በሸንጎ ፊት የቆመ ምስክር ልዩነቱን ያስረዳናል። ምስክሩ ተከሳሹ የለበሰውን ጋቢ፣ የያዘውን ዱላ፣ የቆመበትን ዛፍ አንድ በአንድ በትክክል ሊናገር ይችላል። ከዚያም ያልተመታውን «ተመታ» ብሎ ቢመሰክር ጋቢውና ዱላው ምስክርነቱን አያድኑትም። እንዲያውም ዝርዝሩ ትክክል መሆኑ ሐሰቱን ይበልጥ እንዲታመን ያደርገዋል። በፊልምም ነገሩ እንዲሁ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ ቁስ

የቁስ ታማኝነት ሊናቅ አይገባውም። ዳይሬክተሩ አሌክሴይ ጌርማን ለዘመኑ ጥቃቅን ነገሮች በነበረው ጥንቃቄ ይታወቃል። የካፖርት አለባበስ፣ የክፍል ውስጥ ዕቃ፣ በሕዝብ መካከል የሚያልፍ ሰው ፊት ሳይቀር በፊልሞቹ ውስጥ ቦታ አላቸው። በጦርነቱ ያለፉ ሰዎች ትዝታ በእነዚህ ትናንሽ ነገሮች ላይ ያርፋል፤ ትንሹን ነገር ያቃለለ ዳይሬክተርም ትልቁን እንደማያቃልል ማረጋገጫ የለንም።

ሆኖም ቁስ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1950 ሚኻይል ቺአውሬሊ የሠራውን «የበርሊን ውድቀት» እንመልከት። ፊልሙ ግዙፍ ነው፤ ከአምስት ዓመት በፊት ያበቃው ጦርነት ወታደርና መሣሪያ በብዛት ይታይበታል። በፍጻሜው ግን ስታሊን ነጭ ልብስ ለብሶ፣ በአውሮፕላን ድል ወደተደረገችው በርሊን ይደርሳል፤ ሕዝቡም በእልልታ ይቀበለዋል። እንዲህ ያለ ነገር አልሆነም። ስታሊን ወደዚያ አካባቢ የሄደው በሐምሌ 1945 ለፖትስዳም ጉባኤ ሲሆን የሄደውም በባቡር ነው። ከስታሊን በኋላ የሶቭየት ኅብረት መሪ የነበረው ክሩሽቼቭ በየካቲት 1956 በኮሚኒስት ፓርቲው ጉባኤ ላይ የስታሊንን የግለሰብ አምልኮ ሲያወግዝ ይህን ፊልም በስሙ ጠቅሶ ነቅፎታል። ታንኩ እውነተኛ ነበር፤ ታንኩን ያጀበው ታሪክ ግን የፈጠራ ውዳሴ ነበር።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ድርጊት

እዚህ ላይ ሌላ ልዩነት መያዝ ይገባናል፦ ፈጠራና ሐሰት አንድ አይደሉም። ፈጠራ ማለት ደራሲው ገጸ ባሕርይንና ትዕይንትን ከራሱ አሳብ መሥራቱ ነው። ሐሰት ማለት ያልሆነን ነገር ሆነ ብሎ ማሳመን ነው። ልዩነቱን ሁለት ፊልሞች ጎን ለጎን ሲታዩ በግልጽ ያስረዱናል።

የመጀመሪያው በ2016 የወጣው «28ቱ የፓንፊሎቭ ወታደሮች» ነው። ፊልሙ በብዙ ሺህ ተራ ሰዎች መዋጮ ጭምር የተሠራ ሲሆን፣ የምሽግ አቆፋፈሩን፣ የፀረ ታንክ ጠመንጃ አተኳኮሱን፣ ወታደር ታንክን በእጅ ቦምብ የሚጠብቅበትን ትዕግሥት በጥንቃቄ ያሳያል። የሚተርከው በኅዳር 16 ቀን 1941 በሞስኮ አቅራቢያ፣ በዱቦሴኮቮ ስለተደረገው ውጊያ ነው። ዝናው የመጣው በዚያው ወር መጨረሻ «ቀይ ኮከብ» በተባለው የጦር ሠራዊቱ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ጽሑፍ ነው። እንደ ተረቱ 28 ወታደሮች 18 ታንኮችን አውድመው ሁሉም በዚያው ወደቁ። በ1948 የወታደራዊ ዐቃቤ ሕግ ያደረገው ምርመራ ግን ታሪኩ በዚያ መልክ የጋዜጠኞች ድርሰት መሆኑን አረጋገጠ፤ ሞቱ ከተባሉት መካከልም በሕይወት የተገኙ ነበሩ። የምርመራው ሰነድ በ2015 በሩሲያ መንግሥት ቤተ መዛግብት አማካይነት ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ፊልሙ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን። የፓንፊሎቭ ክፍለ ጦር በዚያ ቦታ በርግጥ ተዋግቷል፤ ብዙ ሰዎችም ሞስኮን ሲከላከሉ ሞተዋል። ሐሰቱ ያለው በጀግንነቱ ላይ ሳይሆን ጀግንነቱ በተቀረጸበት ተረት ላይ ነው። ተረቱም ስማቸው ያልተጻፈውን ሌሎቹን ሙታን ወደ ጎን ይገፋል።

ሁለተኛው ፊልም በ1985 የወጣው የኤሌም ክሊሞቭ «መጥተህ እይ» ነው። ርእሱ የተወሰደው ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 ነው። ታሪኩ በ1943 በጀርመን ወረራ ሥር በነበረችው ቤላሩስ ውስጥ ይካሄዳል። ፍልዮራ የተባለ ገና ልጅ የሆነ ወጣት ከአሸዋ ውስጥ ጠመንጃ ቆፍሮ አውጥቶ ሽምቅ ተዋጊዎችን ይቀላቀላል። ቤተሰቡ ያልቃል። በመጨረሻም የአንድ መንደር ሕዝብ ከሕፃናቱ ጋር በአንድ የእንጨት ሕንፃ ውስጥ ታጉሮ ሲቃጠል ያያል።

ፍልዮራ የሚባል ልጅ አልነበረም፤ በፊልሙ የምትቃጠለው መንደርም የድርሰት መንደር ናት። ታዲያ ፊልሙ ታማኝ የሚባለው በምንድን ነው? በምንጩ ነው። ከክሊሞቭ ጋር ጽሑፉን ያዘጋጀው አሌስ አዳሞቪች በ1927 የተወለደ ቤላሩሳዊ ነው፤ በልጅነቱ ራሱ ሽምቅ ተዋጊ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከያንካ ብሪልና ከቭላዲሚር ኮሌስኒክ ጋር በየመንደሩ ዞሮ ከቃጠሎው የተረፉትን ሰዎች ቃል በድምፅ መቅጃ ሰብስቧል። ሦስቱ ጸሐፊዎች ያንን ቃል በመጽሐፍ አሳትመውታል። ክሊሞቭም በ1933 በስታሊንግራድ የተወለደ ነው፤ በልጅነቱ ከተማዋ እየነደደች ከእናቱ ጋር የቮልጋን ወንዝ ተሻግሮ አምልጧል።

ታሪክም ይመሰክርለታል። በመጋቢት 22 ቀን 1943 ኻቲን በተባለች የቤላሩስ መንደር ነዋሪዎቹ ወደ አንድ ጎተራ ተነዱ፤ ጎተራው በእሳት ተለኮሰ፤ ሰብረው የወጡትም በመትረየስ ተረሸኑ። 149 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም 75ቱ ልጆች ነበሩ። ኻቲን ብቻዋን አልነበረችም። ፊልሙ የሚዘጋው 628 የቤላሩስ መንደሮች ከነነዋሪዎቻቸው መቃጠላቸውን በሚገልጽ ጽሑፍ ነው።

አሁን ሁለቱን እናነጻጽር። በአንደኛው ፊልም ቦታው በካርታ ላይ አለ፤ የሰዎቹም ስም በመዝገብ ላይ አለ፤ የተተረከው ድርጊት ግን በተተረከበት መልክ አልተፈጸመም። በሁለተኛው ፊልም ሰዎቹና መንደሯ የተፈጠሩ ናቸው፤ ድርጊቱ ግን በብዙ ቦታ፣ በብዙ ሰው ላይ ደርሷል። ስለዚህ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ታማኝነትን አያረጋግጥም፤ «የድርሰት ሥራ ነው» መባሉም ታማኝነትን አያሳጣም። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ይህ የመጣው ከማን ቃል ነው?

ሦስተኛው ደረጃ፦ ሕይወት

የሕይወት ታማኝነት ከሁሉ የረቀቀ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። በ«መጥተህ እይ» ውስጥ ፍልዮራ ግላሻ ከምትባል ወጣት ጋር ወደ መንደሩ ይመለሳል። ቤቱ ባዶ ነው። ከምድጃው ውስጥ ያለው ሾርባ ገና አልቀዘቀዘም፤ ቁጭ ብለው ይበላሉ። የእኅቶቹ አሻንጉሊቶች ወለሉ ላይ ተኝተዋል። የዝንብ ድምፅ ክፍሉን ሞልቶታል። ፍልዮራ ቤተሰቡ ወደ አንዲት ደሴት ሸሽቶ ነው ብሎ ራሱን አሳምኖ ይሮጣል። ግላሻ እየሮጠች ዞር ስትል ከቤቱ ግድግዳ ሥር የተከመረውን ሬሳ ታያለች። እርሱ አያይም። እኛም የምናየው ለቅጽበት ነው።

ዳይሬክተሩ እዚህ ምን እንዳደረገ እንመርምር። ግድያውን አላሳየም። የሚያውቅን ሰውና ማወቅ የማይፈልግን ሰው ጎን ለጎን አስሮጠ። ያለቀበትን ቤተሰብ «ሸሽተው ይሆናል» እያለ የሚፈልግ ልጅ አእምሮ ከውስጥ ሲታይ እንዲህ ነው። ይህን የልብስና የመሣሪያ ጥናት አይሰጥም፤ የሚሰጠው የተረፉ ሰዎችን ቃል በትዕግሥት ማድመጥ ነው።

አስቀድመን እውነታዊነትን ስልት ብለን መፍታታችን የሚጠቅመን እዚህ ነው። «መጥተህ እይ» ብዙ ጊዜ ከተራ እውነታዊነት ይወጣል። ቦምብ ከወደቀ በኋላ የልጁ ጆሮ ሲደነቁር እኛም የምንሰማው ጩኸትና እፍን ያለ ድምፅ ነው። ሰዎች ካሜራውን ፊት ለፊት ትኩር ብለው ያያሉ። በታሪኩ ሂደት የልጁ ፊት ተጨማድዶ የሽማግሌ ፊት ይሆናል። በመጨረሻም የሂትለር ዘመን የዜና ምስሎች ወደ ኋላ ይሽከረከራሉ። እነዚህ ነገሮች በዓይን እንደምናየው ዓይነት አይደሉም፤ ነገር ግን መከራው ለተቀባዩ ምን እንደነበር ከማንኛውም ተራ ምስል ይልቅ በትክክል ይናገራሉ። እንግዲህ ታማኝ ለመሆን ሲባል እውነታዊነትን መተው የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

የላሪሳ ሼፒትኮ «አቀበት» ሌላ ምሳሌ ነው። በ1977 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ወርቃማውን ድብ የተሸለመው ይህ ፊልም በጦርነቱ በተዋጋው ቤላሩሳዊ ደራሲ በቫሲል ቢኮቭ ልቦለድ ላይ የተመሠረተ ነው። ሶትኒኮቭና ሪባክ የተባሉ ሁለት ሽምቅ ተዋጊዎች በክረምት ምግብ ፍለጋ ወጥተው ይያዛሉ። ቀረጻው የተደረገው እጅግ በከፋ ቅዝቃዜ ነው፤ በበረዶው ውስጥ የሚሳቡት ተዋንያን በርግጥ በርዷቸዋል። የፊልሙ ክብደት ግን በብርዱ ላይ አይደለም። ደካማውና ሕመምተኛው ሶትኒኮቭ ጸንቶ ወደ ስቅላት ይሄዳል፤ ብርቱውና ብልሃተኛው ሪባክ ነፍሱን ለማትረፍ የጠላት ፖሊስ ይሆናል። ሪባክ ከመጀመሪያው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የቆሰለ ጓደኛውን በበረዶ ላይ ጎትቶ ያዳነ ሰው ነው። ክህደት በአንድ ጊዜ ሳይሆን በትናንሽ ስሌቶች እንደሚመጣ ማሳየት የሕይወት ታማኝነት ነው።

ጨለማነት ማስረጃ ያልሆነበት ምክንያት

አሁን ወደ ጨለማነት እንመለስ። ብዙ ተመልካች «የሚያስጨንቅ ስለሆነ እውነት ነው» ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው የሚመጣው ከቅን ልብ ነው፤ የሚያጽናኑ ፊልሞች ብዙ ጊዜ ስለሚዋሹ የማያጽናኑትን እናምናለን። ይሁን እንጂ ጭካኔን መደርደር ማንም የሚችለው ሥራ ነው። ታማኙ ፊልም የሚታወቀው ጨለማውን በልክ በመያዙ ነው።

ለዚህ የአንድሬ ታርኮቭስኪ የ1962 ፊልም «የኢቫን ልጅነት» ጥሩ አስተማሪ ነው። ኢቫን ቤተሰቡን በጦርነት ያጣ፣ የ12 ዓመት ልጅ ሆኖ የስለላ ሥራ የሚሠራ ነው። ጦርነቱ ጨለማና ረግረግ ነው፤ ሕልሞቹ ግን በብርሃን፣ በእናቱ ፊት፣ በዝናብ በራሰ ፖምና በፈረሶች የተሞሉ ናቸው። ብርሃኑ ሐዘኑን አላቀለለውም፤ የጠፋው ነገር ምን እንደነበር ስላሳየን አከበደው። «መጥተህ እይ»ም በፍጻሜው ላይ ልጁ በሂትለር ሥዕል ላይ እየተኮሰ ዘመኑን ወደ ኋላ ሲመልስ፣ ሂትለር ራሱ በእናቱ ጭን ላይ ያለ ሕፃን ሆኖ ሲመጣ መተኮሱን ያቆማል። ያን ሁሉ ጨለማ የሠራው ዳይሬክተር ሕፃን የማይገደልበትን ወሰን አስምሯል።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። የፍልዮራ ተዋናይ አሌክሴይ ክራቭቼንኮ በቀረጻው ወቅት እውነተኛ ጥይት ይተኮስ እንደነበር ተናግሯል። ይህን ሰምቶ የሚያደንቅ ሰው አለ። ነገር ግን ጥይቱ እውነተኛ መሆኑ ቀረጻውን አደገኛ ያደርገዋል እንጂ ፊልሙን የበለጠ ታማኝ አያደርገውም። የሰውን ሕይወት ክብር ለማስተማር የሚሠራ ሥራ በሥራው ላይ ያሉትንም ሊጠብቅ ይገባዋል።

ስለ ተተወው ነገር

የመጨረሻው ልዩነት በተባለውና በተተወው መካከል ያለው ነው። የሚያሳየው ሁሉ ትክክል የሆነ ፊልም በሚተወው ነገር ሊያሳስት ይችላል። በሶቭየት ዘመን ለጠላት ያደሩ ዜጎች ጉዳይ በነፃነት አይነሣም ነበር። ኻቲንን ካቃጠሉት መካከል የ118ኛው ረዳት ፖሊስ ሻለቃ አባላት ነበሩ፤ አብዛኞቹም የሶቭየት ዜጎች ነበሩ። ከሻለቃው መኮንኖች አንዱ በ1986 ሚንስክ ላይ ለፍርድ ሲቀርብ ጉዳዩ በሕዝብ ዘንድ እንዲሰማ አልተፈለገም። «መጥተህ እይ» በቃጠሎው ትዕይንት ከጀርመኖቹ ጋር የቆሙ የአገሩን ተወላጆች ማሳየቱ ስለዚህ ትልቅ ነገር ነው። ይህንን ፊልም ለመሥራት ክሊሞቭ ለዓመታት ፈቃድ ሲጠብቅ ኖሯል። የጌርማን «የመንገድ ላይ ፈተና» ደግሞ ለጀርመኖች አድሮ የተመለሰን ወታደር በርኅራኄ ስላየ በ1971 ተቀርጾ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ታግዷል። ከፊልሙ ውጭ ያለውን ይህን ታሪክ ማወቅ የፊልሙን ታማኝነት ለመመዘን ይረዳል።

ማጠቃለያ

የተማርነውን እንሰብስብ። እውነታዊነት ስልት፣ ታሪካዊ ታማኝነት ግንኙነት፣ ጨለማነት ድባብ ነው። ታማኝነት የቁስ፣ የድርጊትና የሕይወት ደረጃ አለው። ፈጠራ ሐሰት አይደለም። ትክክለኛ ዝርዝርም ለሐሰት መሸፈኛ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ፣ የጦርነት ፊልም ስታይ አራት ጥያቄዎችን ይዘህ ተቀመጥ፦ የሚታየው ነገር የዘመኑ ነው ወይ? ድርጊቱ ከማን ምስክርነት መጣ? መከራውን የቀመሰ ሰው ቢያየው ራሱን ያገኝበታል ወይ? ምን ነገር ተተወ? እነዚህን የለመደ ተመልካች በተረት ተነሣሥቶ ጦርነትን አይመኝም፤ የሞቱትንም ባላደረጉት ነገር አያሞግሳቸውም። ለሙታን የምንከፍለው የመጀመሪያው ዕዳ የደረሰባቸውን በትክክል ማወቅ ነው፤ እርሱንም በትዕግሥት እንክፈል።